መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ አይደለም

መሐል ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤
ውርጭ ሲወርድ ገብሱም ቀና ማለት ይፈራል።
ጎረቤቴ ፈለቀ፣ ባናውን ተከናንቦ፣
ጥርሱን እያፋጨ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣
በደጄ ያልፋል።
«ምን ሆነ?» የሚል የለም። ብርድ ነው፣ ያልፋል።
የእኔ መንቀጥቀጥ ግን ዳኛ ይቀርብበታል፤
ከየት መጣህ? በየት ገባህ? ማን ከፈተልህ? ይባላል።

ሁለት ዓመቱ ነው ደረቴን ከከፈቱት፣
ተኮማትሮ የደረቀውን የልቤን በር ቆርጠው
በብረት ከለወጡት።
ሐኪሙ ሲሸኘኝ እጄን ያዘና፣
«በሩ ጠንካራ ነው» አለኝ፤ «ግን እንግዳ ነውና
ተሕዋስ በደምህ ሾልኮ እዚያ ከደረሰ
ማስለቀቁ ጭንቅ ነው፣ ጎጆ ከቀለሰ።
ጥርስህን ጠብቅ። ቁስልህን ጠብቅ።
ሲያተኩስህ ደግሞ ነገን አትጠብቅ።»

ልብስ ሰፊ ነኝ። መርፌ ስትነክሰኝ፣ ድሮ፣
ጣቴን መጥጬ መቀጠል ነበር የእኔ ኑሮ።
አሁን እግሬን ከፔዳሉ አነሣለሁ፤
ሳሙና እላለሁ፣ አልኮል እላለሁ።
ደንበኛው ይስቃል፦ «አይ ጌታው! ለአንዲት ጠብታ!»
አልመልስለትም።
ደሜን የሚያቀጥን ክኒን አለ፣ የምውጠው ማታ ማታ፤
ቁስሉን ስጠብቅ ደሙ፣ ደሙን ስጠብቅ ቁስሉ፣
ሁለት ፍየል ላንድ እረኛ፤ አቅጣጫቸው ለየቅሉ።

ቤቱ ጸጥ ሲል በሩ ይሰማል።
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።
ጌጤነሽ መጀመሪያ ሰሞን ሰዓት የደበቅሁባት መስሏት
ፍራሹን ገልብጣ ፈለገች፤
አሁን ካልሰማችው እንቅልፍ እምቢ ይላታል።
ልጄ ስመኝም እስከ ስልሳ መቁጠር የለመደችው
ደረቴ ላይ ተኝታ ነው። አስተማሪዋ ይህን አያውቅም።

መስከረም ላይ መንጋጋዬ ተነሣ።
ገበያው ዳር ጉጠቱን በጨርቅ ወልውሎ
«ና፣ ባንድ ትንፋሽ!» የሚል ሰው አለ፤
አባቴን የነቀለ፣ አጎቴን የነቀለ።
አንገቴን ሰብሬ በጎኑ አለፍሁ፣ እንደ ባለዕዳ፤
ካርዴን በደረት ኪሴ ይዤ ደብረ ብርሃን ወረድሁ።
ነርሷ ካርዱን ሳታይ «ተቀመጥ» አለች።
አልተቀመጥሁም።
«መድኃኒቱ ከመንቀያው አንድ ሰዓት ይቀድማል።»
ወረፋው አጉረመረመ፦ «ላንዲት ጥርስ፣ ይሄ ሁሉ!»
አራቱን እንክብል በውሃ አወረድሁ፤
የእጄን ሰዓት አየሁ፣ የግድግዳውን አየሁ፣ የደረቴን አዳመጥሁ፤
ሦስቱም አልተስማሙም።

በዚያው ሳምንት የስመኝ የወተት ጥርስ ወለቀ።
ደሙን ዋጠች፣ ሳቀች፣
አፈር በነካ እጇ ወደ ጣሪያ ወረወረች፤
ቆርቆሮው ቋ አለ። በቃ።
ቆሜ አየኋት። ቀናሁባት መሰለኝ።

እኔም በሷ ዕድሜ ጉሮሮዬን ታምሜ ነበር።
«እንጥሉ ወርዷል» ብለው ቆረጡኝ፤ ዳነ አሉ።
ሕመሙ ግን ከጉሮሮ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ልብ
እንደ ደባል ቤት ቀየረ እንጂ አልወጣም።
ለዚህ ነው ስመኝ «ምራቅ ስውጥ ያመኛል» ስትል
የሰው ኮት ግማሹን ትቼ፣ ሜትሩ ከነአንገቴ፣
ጤና ጣቢያ የምሮጥ።

ዛሬ ማታ እየተንቀጠቀጥሁ ነው።
ከጥርሱ ወዲህ ሦስተኛ ሳምንቴ።
ውርጩ ነው? ወይስ እሱ?
ጌጤነሽ ቴርሞሜትሩን ከብብቴ አውጥታ
በስልኳ መብራት አነበበች፦
ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስምንት።
ምነው ቁጥሩ እንኳ ቁርጡን ቢነግረኝ!
ወጣች፣ ሰማዩን አየች፣ ተመልሳ እግሬን ሸፈነች፤
«እስኪነጋ ብንቆይ?» አለች።
ከዚያ ራሷ ነጠላዋን አንሥታ
የፈለቀን በር ልትመታ ሄደች።

አይሱዙው እያጉረመረመ ተነሣ።
ጋቢናው ውስጥ ሁለታችንም እንንቀጠቀጣለን፤
እሱ በብርድ፣
እኔ ገና ባልታወቀ።
ኬላው ጋ ሞተሩን ሲያጠፋ ጆሮውን አዘነበለ፤
«ሰዓትህ ስንት ይላል?» አለኝ።
«እየሠራ ነው» አልሁት።